መርዝ ሁሉ ዘረመልን ይለውጣልን?



አንድ ዕፅ መርዛማ ነው ስንል ዘረመልን ይለውጣል ማለታችን ነውን? ሁለቱ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። መምታታታቸው የሚጠቅም ዕፅ እንዲጣል፣ አደገኛውም ያለ ጥርጣሬ እንዲወሰድ ያደርጋል።

ከጊንጪ ልጀምር። በአካባቢው መረሬ መሬት የሚበቅለው ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል። ይሁን እንጂ ኦዳፕ የተባለው ንጥረ ነገሩ ጉዳት የሚያደርሰው የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ በማነቃቃት ነው። ሰውን የሚያሽመደምደው የዘር መልእክትን በመቀየር አይደለም።

ዘረመል ለዋጭ የምንለው ዲ ኤን ኤን የሚለውጠውን ነው። ለምሳሌ በአሪስቶሎኪያ ዕፆች ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ በሕዋስ ኢንዛይሞች ከተለወጠ በኋላ አዴኒን ላይ ይጣበቃል። ሕዋሱ ዲ ኤን ኤውን ሲገለብጥ ይህን ፊደል በትክክል ማንበብ ይሳነዋል፤ ብዙ ጊዜም አዴኒን በነበረበት ታይሚን ይተካል። ስሕተቱ ከዚያ ሕዋስ ለሚከፈሉት ሕዋሳት ይተላለፋል።

ይህን በባክቴሪያ የምንመረምርበትን ዘዴ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያበለጸገው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበረው ብሩስ ኤምስ ነው። የሚጠቀመው በሚውቴሽን ምክንያት ሂስቲዲንን ራሳቸው መሥራት የማይችሉ ሳልሞኔላዎችን ነው። ሂስቲዲን እጅግ ባነሰበት ማሳደጊያ ላይ ኮሎኒ የሚሠሩት ዳግመኛ ሚውቴሽን ችሎታቸውን የመለሰላቸው ብቻ ናቸው። እንዲህ ያሉ ጥቂት ኮሎኒዎች ያለ ምንም ኬሚካል ይታያሉ። የዕፁ ተዋጽኦ ሲጨመር ቁጥራቸው ከመጠኑ ጋር በግልጽ ከጨመረ ዕፁ ዘረመል ለዋጭ ነው እንላለን።

ባክቴሪያ ግን ጉበት የለውም። ፒሮሊዚዲን አልካሎይዶች አደገኛ የሚሆኑት በጉበት ኢንዛይሞች ከተለወጡ በኋላ ነው። በትግራይ ጸዓዳ እምባ የታየው የጉበት በሽታም ከእነዚሁ አልካሎይዶች ጋር ተያይዟል፤ ምንጫቸው ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም ነበር። ስለዚህ በምርመራው የአይጥ ጉበት ተዋጽኦ ይጨመራል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ፋይዳ አለው? በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ታችኛው ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ስለሆነ ግኝቱ ትልቅ ተስፋ ነበረው። ሆኖም እንዶድ በሰፊው ከመመከሩ በፊት ለሰው ያለው ደኅንነት በምርመራ መረጋገጥ ነበረበት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሳልሞኔላ ላይ ሲመረመር ዘረመል ለዋጭነት አልታየበትም። ቀንድ አውጣን የሚገድሉት ሳፖኒኖቹ የሕዋስ ሽፋንን የሚያፈርሱ ናቸው፤ መግደልና መለወጥ እዚህ ላይ ተለያዩ።

ውጤቱን ግን ከልክ በላይ አንመነው። በሽንኩርት የሚገኘው ኬርሴቲን በዚሁ ምርመራ ሚውቴሽን ያስከትላል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግን ካንሰር አምጪ ብሎ አልመደበውም። የባክቴሪያ ምርመራ የመጀመሪያ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ የአካባቢያችሁን መድኃኒት ዕፅ ወደ ላቦራቶሪ ስታመጡ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»ም «መርዝ ስለሆነ አይጠቅምም»ም አትበሉ። የትኛው ክፍሉ፣ በምን ያህል መጠን፣ ከጉበት ተዋጽኦ ጋር ወይስ ያለ እርሱ የሚለውን መዝግቡ። ያለ እነዚህ መልሶች ለአርሶ አደሩ የምንሰጠው ምክር ግምት ብቻ ይሆናል።