የእንጦጦን አበባ በግቢ ማብቀል

አደይ አበባን በመስከረም ከነሥሩ ነቅሎ ግቢ ውስጥ መትከል ከንቱ ድካም ነው። አደይ የአንድ ክረምት ተክል ስለሆነ ሲያብብ ዕድሜው እየተገባደደ ነው፤ የሚቀረው ዘር ማፍራትና መድረቅ ብቻ ነው። ደጁን ቢጫ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ወደ ዳገቱ መውጣት ያለበት በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ አበባው ረግፎ ጭንቅላቱ ሲጠቁር ነው። የደረቀውን ጭንቅላት በጣት ሲፈተጉት ጥቁር ቀጫጭን ዘር ይበተናል። ዘሩን በወረቀት ጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ዝናብ ሲጀምር በለሰለሰ አፈር ላይ በትኖ ስስ አፈር ማልበስ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ለየካና ለእንጦጦ አካባቢ አበባ ወዳጆች ዋናው ደንብም ይኸው ነው፦ ከጫካ የሚወሰደው ዘር ወይም ቅርንጫፍ ነው፤ ሥር አይነካም።

ለምን ሥር አይነካም?

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከተማ ሲቆረቁሩ ተራራው የጥድ፣ የወይራና የኮሶ አገር ነበር። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲቆረጥ ጫካው ተመናመነ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ። ዛሬ ከየካ ቀና ብለን የምናየው አረንጓዴ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልቡ አይበቅልም። የሀገር በቀሉ ዘር የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየሸለቆውና በየገደሉ አፋፍ ነው። እንዲህ ካለ ቦታ አንድ ቁጥቋጦ መንቀል ለከርሞ ዘር የሚሰጠውን እናት ተክል ማጥፋት ነው።

ከምን ይጀመር?

ከአደይ ቀጥሎ ለጀማሪ የሚመቸው ጠንበለል ነው። ነጭ አበባው መዓዛው የሚያውድ ሐረግ ሲሆን አጥር ላይ ይሳባል። ክረምት ሲገባ ከፊል የጠነከረ ቅርንጫፍ በስንዝር ልክ ቆርጠው የታችኛውን ቅጠል ያራግፉ፤ ግማሹን እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብረው ጥላ ሥር ያኑሩት። አዲስ ቅጠል ካወጣ ሥር ይዟል ማለት ነው።

ቀጋ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ እሱ ነው። ቀይ የበሰለ ፍሬውን ሲሰነጥቁት ዘሩ በደቃቅ ፀጉር ተከቦ ይገኛል። ፀጉሩ ቆዳ ስለሚያሳክክ በውኃ እያጠቡ መለየት ይሻላል። ዘሩ ለመብቀል ወራት ሊፈጅ ስለሚችል መደቡን ቶሎ ተስፋ ቆርጠው አይገልብጡት። እሾሁ ብርቱ ነውና ከመተላለፊያ ይራቅ፤ ለአጥር ግን ወደር የለውም።

ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ወይራና ጥድ ይጨምር። የወይራን ፍሬ ዘፍዝፈው ሥጋውን ይፈትጉ፤ ጠንካራውን ቅርፊት ውስጡን ሳይጎዱ መሰንጠቅ ቶሎ እንዲበቅል ያግዘዋል። ጥድ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚቆሙ ዛፎች ናቸው፤ ፍሬ የሚለቀመው ከሴቴዋ ብቻ ነው።

አፈርና ወቅት

በዳገቱ ላይ የሚገኘው ቀይ አፈር ውኃ ያሳልፋል፤ የተብላላ ፍግ ብቻ ቢታከልበት ይበቃዋል። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ግን በክረምት ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሸዋ መቀላቀልና መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል። ግቢ የሌለው ሰው የዘይት ጀሪካን ቆርጦ ታቹን በስቶ መትከል ይችላል። ችግኝ ወደ መሬት የሚዛወርበት ጥሩ ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር የሌሊት ውርጭ ስላለ ለጋውን ማታ ማታ በሣር መሸፈን ይበጃል።

ስምና ሕግ

የለቀሙትን ዘር ስም፣ ቦታና ቀን በጥቅሉ ላይ ይጻፉ። ስሙን ካላወቁ አበባና ቅጠል ያለበትን ትንሽ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርገው ከባድ ነገር ጭነው ያድርቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ኸርባሪየም እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ዕፅዋትን እየሰበሰበ ያኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። ሀገር በቀሉን ቆሞ ለማየትና ለመለየት 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቅርብ ነው።

የእኛ አበባ በባዕድ ግቢ እንደሚያምር አስቀድሞ የታየ ነገር ነው። ጀርመናዊው ሺምፐር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሯል። ከሰበሰባቸው አንዱ፣ ነጭ ሆኖ መሃሉ ሐምራዊ የሆነው የሐበሻ ግላዲዮለስ፣ ዛሬ ሽንኩርት መሰል ሥሩ በአውሮፓ የአትክልት ሱቆች በግልጽ ይሸጣል። አሁን ግን የሀገርን ዘር ወደ ውጭ ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ለውጭ አገር ዘመድ በፖስታ ዘር መላክ የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ይጠይቁ። በፓርክና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም ከመልቀም በፊት ጠባቂውን ወይም አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ ግድ ነው።

ሲለቅሙም ከአንድ ተክል ጥቂት ብቻ ይውሰዱ፤ የቀረው ለወፉና ለመሬቱ ነው። በግቢዎ የበቀለው በተራው ዘር ሲሰጥ ለጎረቤት ያካፍሉ፤ ያኔ ለአበባ ብሎ ጫካ የሚወጣ ሰው ይቀንሳል።