ትኋንን በምን እናውቃታለን? እንዴትስ እናጠፋታለን?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ትኋን ነው።

ደብተር የያዛችሁ በመጀመሪያ ቃሏን ጻፏት። ት - ኋ - ን። ሦስት ፊደል ናት። የመካከለኛዋ ፊደል «ኋላ» በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለችው ናት። በንግግር ቱሃን የሚል አለ፤ ቱኋን የሚልም አለ። ስንጽፍ ግን ትኋን ብለን እንጽፋለን።

ስለ ትኋን ማውራት ብዙ ሰው ያሳፍረዋል። «ትኋን ያለበት ቤት የቆሻሻ ሰው ቤት ነው» ይባላል። ይህ ልክ አይደለም። ትኋን የምትፈልገው ደም ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ደም ደግሞ ንጹሑም ሰው አለው። ትኋን ክንፍ ስለሌላት አትበርም፤ እንደ ቁንጫም አትዘልም። በእግሯ ነው የምትሄደው። ከሩቅ የምትመጣው እኛው ተሸክመናት ነው። ከገበያ በገዛነው አሮጌ አልጋ፣ በአውቶቡስ ላይ ከሰው ዕቃ ጋር በተጫነ ሻንጣ፣ በእንግዳ ጓዝ፣ ልጅ ከተከራየበት ቤት ይዞት በመጣው ፍራሽ ትገባለች። ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት ከሆነ በስንጥቁ ከጎረቤት ትሻገራለች። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ከተደባበቀ፣ ከአንዱ ቤት የጠፋችው ከሌላው ቤት ተመልሳ ትመጣለች። «እኛ ቤት ትኋን አለ፤ እናንተስ ቤት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እንግዲህ ትኋን መሆኗን በምን እናውቃለን?

ያደገች ትኋን የምስር ፍሬ ታህላለች። ርዝመቷ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ጠፍጣፋ ናት፤ መልኳ ቀላ ያለ ቡና ዓይነት ነው፤ እግሮቿ 6 ናቸው። ደም ስትጠጣ ግን ታብጣለች፣ ትረዝማለች፣ ትቀላለች። ልጆቿ ነጣ ያሉ ስለሆኑ ደም ካልጠጡ በቀር በቀላሉ አይታዩም። እንቁላሏ ደግሞ የነጭ ጤፍ ቅንጣት ታህላለች። በስንጥቅ ውስጥ እንደ ሙጫ ስለምትጣበቅ በማራገፍ አትወድቅም። ይህቺን የእንቁላሏን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከቁንጫና ከቅማል ጋር አናምታታት። ቁንጫ ትዘላለች፤ የምታጠቃውም ብዙውን ጊዜ እግርን ነው። ቅማል ከሰው አትለይም፤ በጠጉርና በልብስ ስፌት ትኖራለች። ትኋን ግን ቀን ቀን ከሰው ርቃ ትደበቃለች። ሌሊት ወጥታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ትጠጣና ወደ ጉድጓዷ ትመለሳለች።

ንክሻዋ ብቻውን አያስታውቅም። ሚስት አንገቷና ክንዷ አብጦ ታድራለች። ባል ደግሞ «እኔን አልነካኝም፤ ያንቺ የቆዳ ቁጣ ነው» ይላል። እሱንም ነክሳዋለች። የአንዳንድ ሰው ሰውነት አያብጥም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። እርግጡን ለማወቅ አልጋውን መፈተሽ ያስፈልጋል።

በአንሶላው ላይ የደም ጠብታ አለ? በፍራሹ ስፌት ላይ በእስክሪብቶ የተነጠቡ የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች አሉ? ነጥቦቹን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹዋቸው። ቀላ ያለ ቡናማ ሆነው ከተዘረጉ የትኋን ኩስ ናቸው፤ የተፈጨ ደም ማለት ነው። ባዶ ቅርፊትም ታገኙ ይሆናል፤ ስታድግ የጣለችው ቆዳ ነው። በጣም በበዛችበት ቤት ደግሞ ጣፋጭ የሚመስል ግን የሚያስጠላ ሽታ ይሸታል።

ስትፈልጉ በባትሪ መብራት ፈልጉ። ሻማና ኩራዝ ይዛችሁ ወደ ፍራሽ አትጠጉ። የፍራሹን ስፌትና ጠርዝ፣ የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የሚስማሩን ቀዳዳ እዩ። የጠፍር አልጋ ከሆነ ጠፍሩ በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመበት ቦታ ዋነኛ መደበቂያዋ ነው። መደብ ከሆነ ከግድግዳ የሚገናኝበትን ስንጥቅ እዩ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ካለ ገልጣችሁ እዩ። ከሥዕልና ከቀን መቁጠሪያ ጀርባም አትለፉ።

ትኋን ከሰው ወደ ሰው በሽታ ታስተላልፋለች የሚል ማረጋገጫ አልተገኘም። ተስቦና ግርሻ የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል ናት። ይህ ማለት ግን ትኋን አትጎዳም ማለት አይደለም። የታከከው ቦታ ይቆስላል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ከሁሉ የሚብሰው እንቅልፍ ማሳጣቷ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በጠዋቱ ትምህርት ራሱን በደብተሩ ላይ ጥሎ የሚያንቀላፋ ልጅ ሳይ፣ አንገቱንና ክንዱን እመለከታለሁ። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ልጅ ፊደል አይገባውም። ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ ለመማር የሚቀመጡ አባትና እናትም እንደዚሁ ናቸው።

አሁን ወደ ማጥፋቱ እንግባ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን እወቁ። ትኋን ሳትበላ ብዙ ወር ትቆያለች። ስለዚህ ቤቱን ለአንድ ወር ዘግቶ ዘመድ ጋ መሄድ አይገድላትም። ሌላ ክፍል ሄዶ መተኛትም አይጠቅምም፤ ተከትላችሁ ትመጣለች፤ አለዚያም በብርድ ልብሳችሁ ትወስዷታላችሁ። የማትችለው ሙቀትን ነው። የፈላ ውሃ በቀጥታ ካገኛት እሷም እንቁላሏም ይሞታሉ። የፈላ ውሃ በየቤቱ አለ፤ ዋጋውም የማገዶ ብቻ ነው።

ፀሐይ የወጣበት ቀን ምረጡ። በጠዋት ተነሡ። ልብሱን ሁሉ፣ አንሶላውን፣ ጋቢውን ከቤት ሳታወጡ በፊት በከረጢት አስራችሁ አውጡ። እየጎተታችሁ ካወጣችሁት ትኋኗን በመንገዱ ሁሉ ትዘሯታላችሁ። የጥጥ የሆነውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፉ። ሱፍ በፈላ ውሃ ይኮማተራል፤ እሱን ስፌቱን እያያችሁ በጋለ ካውያ ተኩሱት። ከረጢቱንም ቀቅሉት። ይህ ይረሳል።

አልጋውን ወደ ደጅ አውጥታችሁ ፍቱት። በየመጋጠሚያው፣ በየቀዳዳው፣ በየስንጥቁ የፈላ ውሃ በጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ በቀስታ አፍስሱ። በስፋት ደፍቶ መሄድ ዋጋ የለውም፤ ውሃው ወዲያው ይቀዘቅዛል። የጠፍሩን ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ቆዳ በፈላ ውሃ ይኮማተራል። ጠፍሩን ፈትታችሁ ትኋኗንና እንቁላሏን በቢላዋ ፋቁ፤ እንጨቱን ግን በፈላ ውሃ እጠቡ። በዚህ ጊዜ ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ። ትኋን ስናባርር ልጅ መቃጠል የለበትም።

የሣር ፍራሽ ከሆነ ሣሩን ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አቃጥሉ፤ ጨርቁን ቀቅሉ፤ በአዲስ ሣር ሙሉት። የጥጥ ወይም የስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ስፌቱን በጠንካራ ብሩሽ ጥረጉ፤ ጠርዙን በፈላ ውሃ ንኩ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ፀሐይ ብቻዋን ግን አትበቃም። ትኋኗ ሙቀቱ ሲሰማት ወደ ጥላው ወገን ትዞራለች፤ የወፍራም ፍራሽ ውስጡም አይግልም።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ውሃ አይደፋም፤ ይፈርሳል። በሽቦ ስንጥቁን ፋቁ፤ የወጣውን ጠርጋችሁ አቃጥሉ፤ ከዚያ በጭቃ ምረጉት፤ በእበት ለቅልቁት። አሮጌው ጋዜጣ ይነሣ።

አልጋውን መልሳችሁ ስትተክሉ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቁት። ብርድ ልብሱ መሬት አይንካ። የአልጋውን እግሮች በአራት ለስላሳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አቁሙ፤ ጥቂት የሳሙና ውሃ ጨምሩበት። ትኋን ለስላሳ ነገር መውጣት አይሆንላትም፤ ገብታ ትቀራለች። ቆርቆሮም ይሆናል፤ ሲዝግ ግን ለእግሯ መያዣ ስለሚያገኝላት ለውጡት። በየጠዋቱ ዕቃውን እዩ። ስንት እንደተያዘ ጻፉ። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ እያሸነፋችሁ ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ከሚሆን መድኃኒት ለምን አንረጭም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ዲዲቲ በመጀመሪያ ሲመጣ ትኋንን ፈጅቷት ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1947 በሃዋይ፣ በፐርል ሃርበር የወታደሮች ሰፈር፣ ዲዲቲ የማይገድላት ትኋን ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር መድኃኒት ለምዳለች፤ በአጎበር ላይ ያለው የመድኃኒት ዓይነት እንኳ ብዙ ቦታ አይገድላትም። አጎበሩ ላይ ትኋን አየን ብላችሁ አጎበሩን አትጣሉት። እሱ የተሰጠን ለወባ ነው። ስፌቱን በእጅ ለቅማችሁ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ በጥላ አድርቁት። አይቀቀልም።

ለእርሻ ተባይ የተሠራን መድኃኒት ፍራሽ ላይ መርጨት ግን ራስን መመረዝ ነው። ልጅ በዚያ ላይ ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሰዋል። ከሁሉ የከፋው ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒን ነው። ክኒኑ አየር ሲያገኘው መርዝ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በጣራ በኩል ወደ ጎረቤት ይገባል። ለትኋን ተብሎ በአንድ ክፍል በተቀመጠ ክኒን፣ በሌላው ክፍል የተኙ ሕፃናት የሞቱባቸው አገሮች አሉ። ይህን ክኒን መኝታ ቤት አታስገቡ። ጎረቤታችሁ ሲያስገባ ካያችሁ ዝም አትበሉ። መርዝ የነካው ሰው ራሱን ካመመው፣ ምራቁ ከበዛ፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነጭ ጋዝ መቀባትም ልማድ ነው፤ እሱም ቤት ያቃጥላል። ከባድ ከሆነባችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ።

አሁን ወደ እንቁላሏ እንመለስ። ውሃው ያላገኘው እንቁላል በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ሙቀት ካገኘ በአንድ ወር ተኩል ገደማ አድጎ ራሱ እንቁላል ይጥላል። አንዲት እናት በዕድሜዋ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ብዙ ቤት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይደክማል፤ ለሳምንት ሰላም ይሆናል፤ «ጠፋች» ይባላል። በወሩ ትመለሳለች። ስለዚህ ሥራው በየአሥር ቀኑ ይደገማል፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ።

ደብተራችሁን አውጡ። የመጀመሪያውን ቀን ጻፉ። ከእሱ ሥር አሥር ቀን ጨምራችሁ ሁለተኛውን ጻፉ። እንደገና አሥር ጨምራችሁ ሦስተኛውን ጻፉ። ለምሳሌ ኅዳር 5፣ ኅዳር 15፣ ኅዳር 25። ወረቀቱን በበሩ ላይ ስቀሉት፤ የሠራችሁበትን ቀን በመስመር ሰርዙት። ጎረቤታችሁ ገና ማንበብ ካልጀመረ ለእሱም ጻፉለትና በአንድ ቀን ሥሩ።

የሚቀጥለው ትምህርታችን ስለ ቁንጫ ይሆናል። ደኅና ሰንብቱ።