ባሕር ዳርን በእግር፦ ለቂርያት ጋት ሰው የተጻፈ ትውውቅ

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ፈረቃ እየሠራ ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተሰብ አገር ቤት ሲሄድ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። አዲስ አበባ ያርፋል፣ ባሕር ዳር ይደርሳል፣ ምሳውን ዓሣ ይበላል፣ ጣናን አሻግሮ እያየ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ጎንደር ሊመሽብን ነው ብሎ ይነሣል። የሚቀረው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዘመድም እየጠበቀ ነውና አይፈረድበትም። በዚህ ጥድፊያ የምትታለፈው ባሕር ዳር ግን በአገራችን በቅድሚያ ታስቦባቸው፣ በወረቀት ተነድፈው ከተሠሩ ጥቂት ከተሞች አንዷ ናት። ስለ ሐይቁና ስለ ገዳማቱ ብዙ ተጽፏል። እዚህ ላስተዋውቅ የምፈልገው ከተማዋን ራሷን ነው።

ነገሩ ለቂርያት ጋት ነዋሪ እንግዳ አይሆንበትም፤ የምንኖርባት ከተማም የእቅድ ልጅ ናት። በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሎቫ ኤሊያቭ የመሩት የላኺሽ አካባቢ ሰፈራ ሲነደፍ ሞሻቦቹ በዙሪያ ተበተኑ፤ በመካከላቸው እንደ ኔሆራ ያሉ የገጠር ማዕከላት ገቡ፤ ሁሉንም የምታገለግል አንዲት ከተማ ደግሞ መሐል ላይ ተቀመጠች። ቂርያት ጋት ያቺ ከተማ ናት። ለነዋሪው እንጀራ እንዲሆኑ የስኳር ፋብሪካና የጨርቃ ጨርቅ ሥራ መጡላት። ብዙዎች የሚያስታውሱት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፖልጋት ዛሬ የለም፤ እዚያው ቀጠና ውስጥ ኢንቴል በ1999 ሥራ የጀመረበት የቺፕ ፋብሪካ አለ። በአንድ ከተማ ውስጥ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ነዋሪው እንዴት እንደሚታቀድ ከዚህ የተሻለ ማሳያ በቅርባችን የለም።

ባሕር ዳርን የነደፉትም ተመሳሳይ ሐሳብ ነበራቸው። ከዚያ በፊት በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች። ጣሊያኖች በ1936 ሲገቡ የአስተዳደርና የጦር ጣቢያ፣ የሐይቅ ወደብም አደረጓት። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከፈተ፤ ገንዘቡ ጣሊያን ለጦርነቱ ከከፈለችው ካሣ የተገኘ ነበር። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ሥራ ጀመረ። በ1964 የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መብራት ሰጠ። በእነዚሁ ዓመታት ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የመሩት የጀርመን ባለሙያዎች ቡድን የከተማዋን ማስተር ፕላን ነደፈ። ፋብሪካው፣ የእጅ ባለሙያ የሚያፈራው ትምህርት ቤት፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉና መንገዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው ደረሱ። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ የመንግሥታቸውን መቀመጫ ወደዚህ ለማዛወር አስበው እንደነበር ይነገራል። አልሆነም። ከተማዋ የአስተዳደር መቀመጫነቱን ያገኘችው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሌላ መንግሥት፣ የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን ነው።

ጉብኝቱን ከጊዮርጊስ አደባባይ ጀምሩ፣ በጧት፣ በእግር። ቤተ ክርስቲያኑ ሐይቁ ዳር ነው። በግቢው ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ሳታዩ አትለፉ፤ በ1622 ያረፈው ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል። ከዚያ ወደ ዋናው ጎዳና ውጡ። ዘንባባዎቹ በረድፍ የቆሙበት ሰፊ መንገድ የባሕር ዳር ፊት ነው፤ ከየትኛውም ከተማ የሚለያትም እሱ ነው። መንገዱ የተነደፈው ነዋሪው ጥቂት፣ መኪናው ከዚያም ጥቂት በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ለማን ብለው ይህን ያህል አሰፉት የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። በ1994 የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 96,140 ሰው ነበራት፤ በ2007 ቆጠራ ከ150 ሺህ አልፋለች፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ ትበልጣለች። ባጃጁ፣ ብስክሌቱና እግረኛው ሳይተጋፉ የሚያልፉት ያኔ ከልክ በላይ ሰፊ የመሰለው መንገድ በመኖሩ ነው። እቅድ ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ዘግይቶ ነው፤ ለዚህም ነው ንድፍ አውጪዎቹ ሲመሰገኑ የማንሰማው።

የማያስደስትም ነገር አለ። ከተማዋ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ የተነደፈች ሆና ሳለ፣ የሐይቁ ዳርቻ በብዙ ቦታ ለረጅም ዘመን በሆቴልና በመሥሪያ ቤት አጥር ተይዞ ቆይቷል። አንድ ሐይቅ ያላት ከተማ ነዋሪዋ ቡና ሳይገዛ ውሃው ዳር የሚቀመጥበት ቦታ ሊቸግረው አይገባም።

ውሃው ዳር ስትደርሱ ታንኳውን ቀረብ ብላችሁ እዩ። የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ወፍራም ነዶ ሆኖ በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀሰራል። ምስማር የለውም፣ እንጨት የለውም ማለት ይቻላል። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጡ አይገባም፤ ታንኳው የሚንሳፈፈው ውሃውን ከውስጡ ስላስወጣ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ አየር ያዘለ ስለሆነ ነው። ስለዚህም ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ከሥራ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ተገትሮ የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፣ አርጅቶ ሲበሰብስ አዲስ ይታሰራል። ዓሣውም፣ ማገዶውም፣ ሰውም የተሻገረው በእሱ ነበር። በዚህ ሙያ የታወቁት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች የከተማዋ ነባር ነዋሪዎች ናቸው፤ የጣናን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከነገሥታቱ እኩል ስማቸውን ሊያነሣ ይገባል።

ዓሣ ስትበሉም ምን እንደምትበሉ ጠይቁ። ቆሮሶና አምባዛ በሌላም ውሃ አሉ። ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሌሉት ግን 15 ያህል የሚሆኑት ትልልቅ የባርበስ ዘመዶች ናቸው፤ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው፣ አንዱ ዓሣ በሊታ ሌላው አትክልት በሊታ ሆነው ያደጉ ናቸው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ለእነሱ ሲሉ ብቻ ከሩቅ አገር ይመጣሉ።

ከመሐል ከተማ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ታገኛላችሁ። ጉማሬ የምታዩት እዚህ አካባቢ ነው። በ2024 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ስላለው ተሻግራችሁ ወንዙን ከላይ ማየት ትችላላችሁ። የሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልቱም ከዚሁ ከዓባይ ዳር ነው። ከሁሉ የምመክረው ግን ቤዛዊት ኮረብታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ቦታ ነው፤ ከላዩ ሆናችሁ ስታዩ ሐይቁ፣ ወንዙና ከተማዋ አብረው ይታያሉ። ፕላኑ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ሰዎች ጢስ ዓባይ ደርሰው ሲመለሱ ቅር ይላቸዋል፤ በፎቶ ያዩት ፏፏቴ ቀጭን ሆኖ ያገኙታል። ምክንያቱ ድርቅ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ ይመጥናል። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተጨመረ። በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳር በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል፤ ያ ውሃ ፏፏቴው ዘንድ አይደርስም። አገሪቱ ኃይሉን ትፈልገዋለችና ይህን መቃወም አይቻለኝም። ወደ ፏፏቴው የሚሄድ ግን ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ይሂድ፤ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በጀልባ ለመውጣት ጧትን ምረጡ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ቶሎ ይናወጣል። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ዘጌ ይሻላችኋል፤ በቡና ደን ውስጥ እየተራመዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳላችሁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች አይፈቀዱም። ለቤተ እስራኤል ጎብኚ ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው በምሥራቁ ዳር ያለው ጣና ቂርቆስ ነው፤ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት እዚያ እንደቆየች ትውፊቱ ይናገራል፤ በድንጋይ የተቦረቦሩ ጥንታዊ የመሥዋዕት ገበታዎች ናቸው የሚባሉም ይታያሉ። ከወዲያ ማዶ፣ በሰሜኑ ዳር፣ ደምቢያ ነው፤ ከቂርያት ጋት ሽማግሌዎች መካከል የዚያን አፈር ያረሱ አሉ።

ያ የደምቢያ ዳርቻ ዛሬ እምቦጭ በተባለው አረም ከተጎዱት አንዱ ነው። አረሙ በጣና ላይ የታየው በ2011 ነው። ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል፤ ማሽንም ተሞክሯል። ከአውራ ጎዳናው ይልቅ የባሕር ዳርን ነገ የሚወስነው ይህ አረም ነው፤ ከተማዋ የተነደፈችው ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ነውና።

አሁን ስለ መንገዱ እውነቱን ልንገራችሁ። ከ2023 ወዲህ በክልሉ ባለው ጦርነት የየብስ ጉዞ ብዙ ጊዜ ተቋርጧል፤ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ላለ ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ዘመድ ቆዩ ካላችሁ ቆዩ። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ግን ወደ ጎንደር ከመውጣታችሁ በፊት ለባሕር ዳር ሁለት ቀን ስጧት፦ አንዱን በእግር፣ አንዱን በውሃ ላይ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ቂርያት ጋት ተወልደው ያደጉትን።