«ልጃችን» ማዶ ሲሻገር

ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ላይ ሮቢን ቫን ፐርሲ ከአርሰናል ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲዛወር ሐዘኑ ለንደን ላይ ብቻ አልቀረም። ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ለእያንዳንዱ ጨዋታ እየከፈሉ የሚያዩት የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የአሶሳ አርሰናላውያንም አንገታቸውን ደፉ። ሰውየው የቡድናቸው አምበል ነበር። በዚያው ዓመት በሊጉ 30 ጎል አስቆጥሯል። ክለቡ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ዋንጫ ስላላነሳ የደጋፊው ተስፋ ሁሉ ያረፈው በእሱ እግር ላይ ነበር። እሱ ግን ውሉን እንደማያድስ ተናግሮ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ዋናው ባላንጣ ሄደ።

የባሰው የመጣው በዓመቱ ነው። ቫን ፐርሲ በአዲሱ ክለቡ 26 ጎል አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ዩናይትድም 20ኛ የሊግ ዋንጫውን ወሰደ። ሚያዝያ 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ሁለቱ ቡድኖች በአርሰናል ሜዳ በኤምሬትስ ሲገናኙ የአርሰናል ተጫዋቾች በወጉ መሠረት በሁለት ረድፍ ቆመው ለሻምፒዮኑ አጨበጨቡ። በመሐላቸው ካለፉት አንዱ የትናንቱ አምበላቸው ነበር። በዚያው ጨዋታ የፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረባቸው።

ለንደንን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ከዚያ ክለብ አንድ ሳንቲም የማያገኝ ሰው በዚህ ለምን እንቅልፍ ያጣል? ጥያቄው እግር ኳስን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጎልቶ የሚታየው እንዲያውም በቅርጫት ኳስ ነው።

በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ከአንድ ወገን የሚሰለፉት 5 ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። አንድ ኮከብ የጨዋታውን አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ ያሳልፋል፣ ኳሱም ደጋግሞ በእጁ ያልፋል። ስለዚህ የእሱ መሄድ ቡድኑን ከዋንጫ ተፎካካሪነት በአንድ ክረምት ወደ መጨረሻው ደረጃ ሊያወርደው ይችላል። በአሜሪካው ኤንቢኤ ደግሞ ወጣት ተጫዋቾች ክለብ አይመርጡም፤ ክለቦች ናቸው በየተራ የሚመርጧቸው፤ ቅድሚያ የማግኘት ዕድሉም ለደካሞቹ ቡድኖች ይሰፋል። አንዲት ከተማ ለዓመታት ተሸንፋ፣ ታግሣ፣ በዕጣ ያገኘችውን ልጅ እንደ ስጦታ ብትቆጥረው አይገርምም።

ክሊቭላንድ በ1995 ዓ.ም. ያገኘችው ስጦታ ሌብሮን ጄምስ ነበር። የተወለደው 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አክረን ስለሆነ በእውነትም የአካባቢው ልጅ ነው። ከተማዋ ከ1964 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየትኛውም ትልቅ ስፖርት ሻምፒዮን ሆና አታውቅም ነበር። ሌብሮን 7 የውድድር ዘመን ከተጫወተ በኋላ ውሉ አለቀና ሐምሌ 1 ቀን 2002 ዓ.ም. ወደ ማያሚ እንደሚሄድ በኢኤስፒኤን ቴሌቪዥን ልዩ የቀጥታ ስርጭት ተናገረ። 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አየው። በክሊቭላንድ ጎዳናዎች ማሊያው ተቃጠለ። የክለቡ ባለቤት ዳን ጊልበርት በዚያው ምሽት ለደጋፊው በጻፈው ደብዳቤ ተጫዋቹን በክህደት ወንጅሎ፣ ክሊቭላንድ ከእሱ ቀድማ ዋንጫ እንደምታነሳ ቃል ገባ። ቃሉ ግን አልተፈጸመም፤ ሌብሮን በማያሚ 2 ዋንጫ ወሰደ።

ኅዳር 23 ቀን 2003 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተቃራኒ መለያ ወደ ክሊቭላንድ ሲመለስ አዳራሹ ገና ከማሟሟቂያው ጀምሮ በጩኸት ተቀበለው። ኳስ በነካ ቁጥር ጩኸቱ ያይላል። እሱ 38 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ 118 ለ 90 አሸነፈ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ተራው የኦክላሆማ ሲቲ ሆነ። ኬቨን ዱራንት የሚመራው ቡድን በምዕራቡ ፍጻሜ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን 3 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ፣ አንድ ድል ብቻ ሲቀረው ሦስቱንም ተከታታይ ጨዋታዎች ተሸንፎ ወደቀ። ሳምንታት ቆይቶ ሰኔ 27 ቀን 2008 ዓ.ም. ዱራንት ወደዚያው ወደ አሸናፊው ቡድን መሄዱን አስታወቀ። መንገዱን የጠረገለት ገንዘብ ነው። በአዲሱ የቴሌቪዥን ውል ምክንያት የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ በአንድ ክረምት ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር ዘለለ፤ በኮከብ የተሞላው ዋሪየርስም ሌላ ኮከብ የሚያስፈርምበት ቦታ አገኘ። ለኦክላሆማ ደጋፊ ግን የሒሳቡ ዝርዝር ምንም አይደለም። ያሸነፈን ጋር ሄደ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ዱራንት በየካቲት 2009 ዓ.ም. ሲመለስ ፈሪ ነህ ለማለት የለስላሳ ኬክ ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ጠበቁት። 34 ነጥብ አስቆጥሮ አሸንፎ ወጣ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስለዚህ ስሜት የደረሱባቸው ሁለት ግኝቶች ነገሩን ያፍታቱታል። የመጀመሪያው የሮበርት ቻልዲኒ ነው። ቻልዲኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት የ7 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አለባበስ ተከታተሉ። ተማሪዎቹ ቡድናቸው ካሸነፈ በኋላ ባለው ሰኞ የዩኒቨርሲቲያቸውን አርማ ያለበት ልብስ ለብሰው የመምጣት ልማዳቸው ይጨምራል። በስልክ ሲጠየቁም ድል ከሆነ «አሸነፍን»፣ ሽንፈት ከሆነ «ተሸነፉ» ወደ ማለት ያዘነብላሉ። ደጋፊ የቡድኑን ክብር ከራሱ ክብር ጋር ደርቦ ይለብሳል ማለት ነው። ኮከቡ ሲሄድ እሱ «እኛ» ብሎ ከያዘው ነገር ላይ ይቆረሳል።

ሁለተኛው ግኝት ቁጣው ለምን ከጠላት ይልቅ በወዳጅ ላይ እንደሚበረታ ያሳያል። ጆዜ ማርኬስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 በቤልጅየም ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰዎች ያጠፋ የራሳቸውን ወገን ያንኑ ጥፋት ከፈጸመ ባዕድ ይልቅ አክብደው ይፈርዱበታል። ከመጀመሪያውም በባላንጣው መለያ ያደገ ኮከብ ይፈራል፣ ይወቀሳል፣ በልብ ግን ይከበራል። ከእኛ ወጥቶ ለእነሱ የለበሰ ግን ስሙ ሲነሳ ፊት ይጠቁራል። የባርሴሎና ደጋፊዎች ወደ ሪያል ማድሪድ በተሻገረው በሉዊስ ፊጎ ላይ ያደረሱት የዚሁ ጫፍ ነው፤ ኅዳር 1995 ዓ.ም. በካምፕ ኑ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲቆም ከተወረወረበት ነገር ውስጥ የአሳማ ጭንቅላት ይገኝበታል።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ ይኸው ስሜት በኢትዮጵያ ቡናና በቅዱስ ጊዮርጊስ መካከል ይኖራል። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ጊዮርጊስ በአገሪቱ ብዙ የሊግ ዋንጫ ያነሳ ክለብ ነው፤ ቡና ደግሞ የ2003 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኖ የደርቢው ሌላኛው ክንፍ ነው። ቡናማዎቹ ያፈሯቸውን ሁለት ተጫዋቾች ጉዞ ማነጻጸር ይጠቅማል። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. በ29 ጎል የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሮ በዓመቱ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሸጋገረ። ቡድኑ ጎዶሎ ሆነ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጉዞ የክለቡን ስም ይዞ የሚወጣ ስለሆነ ደጋፊው ከሐዘኑ ጋር ኩራትም ይሰማዋል። የጋምቤላው ጋቶች ፓኖም ግን መንገዱ ሌላ ነው። በቡና መለያ ገንኖ በ2009 ዓ.ም. ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ሄደ፤ ሌሎች ክለቦችንም አልፎ በኋላ ጊዮርጊስን ተቀላቀለ። በቀጥታ አልተሻገረም፤ ዓመታትና አገራት በመሐል ገብተዋል። እንዲህ ያለው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ቁጣን ያበርዳል፤ ደጋፊው «ከእኛ ወደ እነሱ» ከማለት «ከውጭ ተመልሶ ወደ እነሱ» ይላልና።

በኢትዮጵያ የዚህ ስሜት ሰፊው ሜዳ ግን ሩጫ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ሦስቱንም ሜዳሊያ ያጠለቁት ኢትዮጵያ የተወለዱ ሯጮች ነበሩ። ወርቁ ግን የኔዘርላንድ፣ ብሩ የባሕሬን ሆነ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት የለተሰንበት ግደይ ነሐስ ነው። የብሩ ባለቤት ቃልኪዳን ገዛኸኝ መጋቢት 2002 ዓ.ም. ዶሃ ላይ በ1,500 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የለበሰችው የኢትዮጵያን መለያ ነበር። የወርቁ ባለቤት ሲፈን ሐሰን ደግሞ አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድ ገብታ እዚያው ያደገች ናት። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መፍረድ አይቻልም፤ አንዷ ኮከብ ሆና ሄደች፣ ሌላዋ ከሄደች በኋላ ኮከብ ሆነች።

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ማራቶን የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ሲፈንና ትዕግሥት አሰፋ ክርን ለክርን ሲጋጩ ግን ይህን ልዩነት ያስታወሰ ተመልካች ጥቂት ነው። ሲፈን በ2:22:55 አንደኛ ሆነች፣ ትዕግሥት በ3 ሰከንድ ተቀደመች፣ የኢትዮጵያ ወገን አቤቱታም ውድቅ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በየሻይ ቤቱ ክርክሩ ሁለት መልክ ያዘ። አንዱ «ነጠቀችን» ሲል ሌላው «ያው የኛ ልጅ ናት» ይላል። ዜግነት የሚቀይሩት ደግሞ ለገንዘብ ብቻ አይደለም። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ማሰለፍ የሚችለው 3 ሯጭ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አራተኛ የሆነች ሯጭ በሌላ አገር አንደኛ ልትሆን ትችላለች። ዝውውሩ በመብዛቱ የዓለም አትሌቲክስ አስተዳደር በ2010 ዓ.ም. ዜግነት ለሚቀይር አትሌት የ3 ዓመት መጠበቂያ ደንብ አወጣ።

ደጋፊው የሚቆጣው ተጫዋቹ በመሄዱ ሳይሆን መሄድን በመምረጡ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ቦስተን ውስጥ አለ። የሴልቲክሱ አጭር ኮከብ አይዛያ ቶማስ ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. እህቱ በመኪና አደጋ በሞተች በማግስቱ ሜዳ ገብቶ 33 ነጥብ አስቆጠረ። ከአራት ወር በኋላ ክለቡ በዚያው ዓመት በምሥራቁ ፍጻሜ ላሸነፈው ለክሊቭላንድ ሰጥቶ በምትኩ ካይሪ ኧርቪንግን ወሰደ። ተጫዋቹ አልተጠየቀም። እሱም የሄደው ወደ ባላንጣ ነው፤ የቦስተን ደጋፊ ግን እስከ ዛሬ በፍቅር ነው የሚያነሳው። ይህ ለተጫዋቾች የሚያስቆጭ ሚዛን ነው። ክለብ ሲሸጥ ንግድ ይባላል፣ ተጫዋች ሲሄድ ክህደት ይባላል። የሜዳ ዕድሜው አጭር፣ ጉልበቱ በአንድ ጉዳት ሊያልቅ የሚችል ሰው ስለ ነገው ቢያስብ ለምን ይወቀሳል ብለው ይሟገታሉ። ደጋፊውም መልስ አለው። እሱ ውል የለውም፣ የዝውውር መስኮት አይከፈትለትም፣ ቡድኑ ቢወርድ አብሮ ይወርዳል።

ሁለቱ ወገኖች የሚታረቁበት ጊዜ አለ። ሌብሮን በ2006 ዓ.ም. ክረምት ወደ ክሊቭላንድ ተመለሰ። ሰኔ 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ቡድኑ 3 ለ 1 ከመመራት ተነስቶ ዋሪየርስን 4 ለ 3 አሸነፈ፤ በኤንቢኤ ፍጻሜ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም ነበር። በ2010 ዓ.ም. እንደገና ለቆ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ የቴሌቪዥን ትርዒት አልነበረም፤ ወኪሎቹ ባወጡት አጭር መግለጫ ተነገረ። ያው ጊልበርት ተጫዋቹን አመስግኖ 23 ቁጥር መለያው አንድ ቀን ለክብሩ እንደሚሰቀል አስታወቀ። ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ሌብሮን በሎስ አንጀለሱ ሌከርስ መለያ ወደ ክሊቭላንድ አዳራሽ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ከዚያም 32 ነጥብ አስቆጥሮባቸው 109 ለ 105 አሸንፏቸው ሄደ።