በወባ ተህዋስ ውስጥ የታፈነው ጂን

ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ፣ እንደ ባቱና እንደ አዳማ ሁሉ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ የሚበረታበት የስምጥ ሸለቆ ክፍል ነው። ከበሽታው አምጪ ተህዋስያን አንዱ፣ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም፣ በሰው ደም ውስጥ ሁለት ዓይነት ህዋስ ሆኖ ይኖራል። አንደኛው ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ገብቶ በ48 ሰዓት ይባዛና ህዋሱን አፍርሶ ይወጣል፤ ሕመምተኛውን የሚያንዘፈዝፈው ይህ ቢሆንም ትንኝ ብትመጠው ሆዷ ውስጥ ይሞታል። ወደ ትንኝ የሚሻገረው ጋሜቶሳይት የተባለው፣ ወንድና ሴት ያለው፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ማጭድ የተቆለመመው ሁለተኛው ብቻ ነው።

የሁለቱም ጂኖች ግን ያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተነበበው የተህዋሱ የዘር መዝገብ 5,300 ያህል ጂኖች ሲኖሩት፣ ህዋሱን ይህን ወይም ያን የሚያደርገው የትኛው ጂን ሥራ ላይ እንደሚውልና የትኛው ዝም እንደሚል ነው፤ የጂን ቁጥጥር የሚባለውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ወደ ጋሜቶሳይትነት የሚደረገውን ለውጥ የሚያስጀምረው ኤፒቱ-ጂ የተባለ ጂን መሆኑን አሳዩ። ከጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ ሌሎች ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ የራሱንም ጂን ስለሚቀሰቅስ አንዴ ከተነሣ መመለስ ያስቸግራል። በአብዛኞቹ ተህዋስያን ውስጥ ኤችፒ-ዋን የተባለ ፕሮቲን ጂኑን ጠቅልሎ ያፍነዋል፤ ጂዲቪ-ዋን የተባለው ሲመጣ ግን አፋኙን ከቦታው ያነሣዋል። በደም ውስጥ አንድ የስብ ዓይነት ሲያንስ የሚለወጡት እንደሚበዙም ታውቋል፤ ስንቅ ሲጎድል መንገድ መጀመር መሆኑ ነው።

ለውጡ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጋሜቶሳይት የሆነው ሰው ውስጥ ዳግመኛ አይባዛም፣ ለመብሰልም በአብዛኛው መቅኒ ውስጥ ተሸሽጎ ከ10 እስከ 12 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ በየዙሩ የሚለወጡት ጥቂቶች ናቸው። የበሰለው ወንድ ግን ትንኟ ሆድ ገብቶ ሙቀቱ ሲቀንስለት ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እስከ ስምንት ጭራማ ህዋሳት ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1880 አልፎንስ ላቬራን አልጄሪያ ውስጥ በአንድ ሕመምተኛ ደም ሲላወሱ ያያቸው እነዚህኑ ነበር።

ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት የሚባዙትን ተህዋስያን ሲገድል የበሰሉትን ጋሜቶሳይቶች ስለማይጨርስ፣ የዳነ ሰው ለቀናት ትንኝ ሊበክል ይችላል፤ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ፕሪማኪን የሚጨመረው ለዚህ ነው። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች አዳማ ላይ የነዋሪዎችን ደም ለቤተ ሙከራ ትንኞች አጠጥተው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎችም ትንኞችን እንደሚበክሉ ታይቷል፤ እነዚህ ደግሞ ክኒኑን ፍለጋ ጤና ጣቢያ አይመጡም።