«ተለማጭ» ወይስ «ተጣጣፊ»? የፍሬን ቱቦ ስያሜና የተርጓሚው ኃላፊነት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማበር አፋፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በቀወት የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የተቆረቆረችው በ1,280 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ይህን ቁልቁለት የሚወርድ አሮጌ ላንድሮቨር የተሳፋሪዎቹን ሕይወት ያንጠለጠለው በጥቂት አጫጭር የጎማ ቱቦዎች ነው። ቱቦዎቹን መለወጥ የመካኒክ ሥራ ሲሆን የአለዋወጡን መመሪያ በአማርኛ ማዘጋጀት ግን የእኛ የቋንቋ ሠራተኞች ድርሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት የምንሞክረውም በዚህ ሥራ የቃላት ምርጫ ምን ያህል ሊያሳስበን እንደሚገባ ነው።

አስቀድመን የነገሩን ባሕርይ እንመልከት። ፔዳሉ ሲረገጥ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ፈሳሹን ይገፋዋል፤ ግፊቱም በሻንሲው ላይ በታሰረ የብረት መተላለፊያ ይጓዛል። እግሮቹ ግን በባሌስትራ ላይ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ የፊቶቹም ከመሪው ጋር ይዞራሉ። ስለዚህ ብረቱ በዚያ ቦታ ይቋረጥና ከጎማና ከተጎነጎነ ክር የተሠራ መተላለፊያ ይቀጥለዋል። በአሮጌ ላንድሮቨር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ከፊት፣ ሦስተኛው ከኋላ ይገኛሉ። ዕድሜ ሲጫናቸው ውጫቸው ይሰነጠቃል፤ ወይም ውስጣቸው አብጦ ፈሳሹን ከመመለስ ያግደዋል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢለቀቅም ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል።

ከዚህ በመነሣት አራት የስያሜ ጥያቄዎችን እንመረምራለን።

ሀ) «ፍሬን»፦ ከጣልያንኛው «ፍሬኖ» ጋር የሚዛመደው ይህ ቃል እንደ «ባሌስትራ»፣ «ካምቢዮ» እና «ፍሪሲዮን» ሁሉ በጋራዥ ቋንቋ ሥር ሰድዷል። በ«ልጓም» ወይም በ«መግቻ» እንተካው ቢባል በቃሉ የሚሠራውን ሰው ከማደናገር በቀር ትርፍ የለውም።

ለ) «ቱቦ» እና «ቧንቧ»፦ ሁለቱን ቃላት እያቀያየርን የመጠቀም ልማድ አለን። በዚህ ሥራ ግን ልዩነቱ መጠበቅ አለበት። አሮጌው ሲፈታ የጎማው ጫፍ በአንድ ቁልፍ ተይዞ የብረቱ ማሰሪያ በሌላ ቁልፍ ይፈታል፤ አለዚያ ብረቱ ተጠምዝዞ ይሰበራል። ሁለቱም «ቱቦ» ከተባሉ «ቱቦውን ይዘህ ቱቦውን ፍታ» የሚል ትእዛዝ ይወጣል። ስለሆነም ብረቱን «የፍሬን ቧንቧ»፣ ጎማውን «የፍሬን ቱቦ» ማለትን እንመርጣለን። «የፍሬን ጎማ» ማለትም ከመንኮራኩሩ ጎማ ጋር ስለሚያምታታ በጽሑፍ አይመከርም።

ሐ) የቅጽሉ ምርጫ፦ ቱቦው የማይሰበር መሆኑን ለመግለጽ በቅድሚያ የሚታሰበው «ተጣጣፊ» ነው። ይህ ቃል ግን «አጠፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ወንበር ይታጠፋል፣ አልጋም ይታጠፋል። የታጠፈ የፍሬን ቱቦ ግን መንገዱ የተዘጋ ቱቦ ነው። «ተለጣጭ» ቢባልም ከ«ለጠጠ» ስለሚመጣ አይስማማም፤ ቱቦው በግፊት ከተለጠጠ ኃይሉ እግሩ ጋ ሳይደርስ ይባክናል። «ተለማጭ» ግን ልምጭ በእጅ ሲጎብጥ የሚያሳየውን ጠባይ፣ ማለትም ሳይታጠፍና ሳይረዝም መጉበጥን ይገልጻል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። አዲሱ ቱቦ ከታሰረ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ የሚፈተሸውም ቱቦው ሳይወጠር፣ ሳይጠማዘዝና ከምንም ነገር ጋር ሳይፋተግ መለመጡ እንዲታይ ነው።

መ) «ዘይት» እና «ማድማት»፦ «የፍሬን ዘይት» የሚባለው በአብዛኛው ከግላይኮል የሚሠራ ፈሳሽ እንጂ የሞተር ዘይት ወገን አይደለም። በስሙ ተታሎ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው የፖምፓውን የጎማ ክፍሎች አሳብጦ ያበላሻል። ከዚህም በላይ ፈሳሹ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማነስ የለበትም፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 140 ዲግሪ ነው። በረጅም ቁልቁለት ግሎ ቢፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ፍሬን ወለል ይነካል። ስለዚህ በመመሪያ ላይ «የፍሬን ፈሳሽ (በተለምዶ የፍሬን ዘይት)» ተብሎ ቢጻፍ ልማዱም ጥንቃቄውም ይጠበቃሉ።

ቱቦው ከተለወጠ በኋላ የሚከናወነውን ተግባር እንግሊዝኛው በደም መፍሰስ ይመስለዋል። በቀጥታ «ፍሬኑን ማድማት» ብሎ መተርጎም አንባቢውን ያስቃል እንጂ አያሠራም። ዓላማው የገባውን አየር ማስወጣት ስለሆነ «አየር ማስወጣት» በቂ ነው። ሥራው በብዙ መኪኖች ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው እግር ይጀመራል፤ የሚወጣው ፈሳሽ አረፋ እስኪያጣ ድረስ ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ ማጠራቀሚያው መጉደል የለበትም፤ የወጣውም ፈሳሽ ተመልሶ አይጨመርም።

እንግዲህ ስያሜ አውጪና ተርጓሚ የቃሉን ሥርና እርባታ ከመረመሩ በኋላ አንድ ተጨማሪ ፈተና ይቀራቸዋል። ይኸውም ቃሉን በትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብተው፣ መካኒኩ ቃል በቃል ቢፈጽመው ምን እንደሚሆን ማመዛዘን ነው። «ተጣጣፊ» በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ «ተለማጭ» ያልፋል። በሌሎችም የሙያ ቃላት ላይ ይኸው መመዘኛ እንዲሠራበት እናሳስባለን።