የሐራ ቲኬትና የፕሮግራም ጸሐፊው

ጓደኞቻችን «ዋተርፎል ይሻላል ወይስ ኦብጀክት ኦሪየንትድ አናሊሲስ?» እያሉ ሲከራከሩ እንሰማለን። ይህ «በበቅሎ ልሂድ ወይስ ወደ ወልድያ?» እንደ ማለት ነው።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ ሊደርስ ሥራው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረውን ባቡር እናስብ፤ ለጣቢያው የቲኬት ፕሮግራም ጻፉ ተባልን እንበል። የአሠራር ሞዴል የሚነግረን ምን መቼ እንዲሠራ ነው፤ ዋተርፎል ፍላጎቱን ጽፎ ሳይጨርስ ወደ ንድፍ፣ ንድፉን ሳይጨርስ ወደ ኮድ አያልፍም፤ የቤሪ ቦኤም ስፓይራል ግን በየዙሩ አደጋውን እየመዘነ ይመላለሳል። ኦብጀክት ኦሪየንትድ አናሊሲስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም በሥራው ውስጥ ምን ምን አለ? ባቡር፣ ጣቢያ፣ ተሳፋሪ፣ ቲኬት፤ እያንዳንዱስ ምን ያውቃል፣ ምን ያደርጋል? ይህን በሁለቱም ሞዴል መሥራት ይቻላል።

የተዘረጋ ሐዲድ ማንሣት ያከስራል፤ መሐንዲሱ አስቀድሞ ሁሉን ቢጨርስ አይፈረድበትም። የኛ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ዊንስተን ሮይስ በ1970 እ.ኤ.አ. ያንን ቁልቁል የሚወርድ ሥዕል ሲያወጣ፣ ያለ መመለስ መሄድ ለውድቀት እንደሚያጋልጥ አብሮ ጽፎ ነበር፤ (ይቅርታ ይደረግልንና) ብዙዎቻችን የምናጠናው ሥዕሉን ብቻ ነው።

ቲኬት ሻጩ በገበያ ቀን ተሳፋሪው ጆንያ ተሸክሞ እንደሚመጣ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ሙከራ ሲያይ ነው። ያን ጊዜ «ጭነት» የሚባል ኦብጀክት ይጨመራል።